ለወንድ የማይነገር ምክንያት

የአዴ ጡሜን ሞት የሰማሁት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ረፋድ ላይ በሥራ ቤቴ ደጃፍ የበር ጣውላ እየላግሁ ነበር። ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ መላጊያውን አስቀመጥኩ። ነጌሌ ውስጥ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሰማው የእድሩ ጡሩምባ ነው። ሟቹ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ለፋፊው በየመንገዱ ዞሮ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ያን ዕለት ጡሩምባው አልተነፋም። ለፋፊው ታሞ አልነበረም። የአዴ ጡሜ ስም ከእድራችን መዝገብ ከተሰረዘ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ።

ስለ ራሴ ከሚያስፈልገው በላይ አልናገርም። በወጣትነቴ ከቦሬ ወርጄ ነጌሌ የገባሁ አናጢ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አነብ ነበር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ያነበበው ሁሉ እውነት፣ ያላነበበው ሁሉ የሌለ ይመስለዋል። በዚህ ጠባዬ አምስት ልጆች አሳደግሁ፤ በዚሁ ጠባዬም ከሃያ ዓመት በላይ የእድራችን ጸሐፊ ሆንኩ። የእድሩ ዳኛ ሌላ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን እኔን ነበር፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝና።

አዴ ጡሜ ጎረቤቴ ነበረች፤ «አዴ» ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። በግቢዎቻችን መካከል ያለው ከደረት የማያልፍ የእንጨት አጥር ብቻ ነው። የዱብሉቅ ልጅ ናት፤ ጎልማሶች በመሰላል ተደርድረው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየተቀባበሉ ለከብት ሲያወጡ እያየች ያደገች። ነጋዴ አግብታ ወደ ነጌሌ መጣች። ባሏ ደርግ በወደቀ በዓመቱ ታሞ ሲሞት ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች፤ በሽርጥና በሻሽ ንግድ አሳድጋ ለወግ አበቃቻቸው። ሴቷ አግብታ ወደ አሬሮ ሄደች፤ ወንዱን ንግድ ወሰደው።

ጨርቅ የምትለካው በክንዷ ነበር። ለክታ ስትጨርስ አንድ ጋት ትጨምርና «ይቺ የእኔ አይደለችም፣ የአላህ ናት» ትላለች። ሁለተኛ ጋት የሚለምን ገዢ ሲመጣ ግን «አላህ አንድ ነው» ብላ ጨርቁን ጫር አድርጋ ትቀድደዋለች። ስትስቅ በሻሿ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች፤ ሳቋ ግን ከሻሹ በላይ ነበር፣ እኔ ሥራ ቤት ድረስ ይሰማኛል።

ጧት ጧት በአጥሩ ላይ «ናጋ ነው ወይ፣ አባ አስቴር?» ትለኝ ነበር፤ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። አስቴር የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ የዱብሉቅ ሰዎች ሰውን በልጁ ስም መጥራት ክብር ነው ይላሉ። ብዙ ዓመት ስለተጎራበትን «አንተ» ነበር የምትለኝ። «አንቱ» የምትለኝ ስትናደድ ብቻ ነው።

እናቴ እቤቴ ስትሞት አዴ ጡሜ ሱቋን ዘግታ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልወጣችም። ሴቶቹን የምታዛቸው እሷ ነበረች፤ ማን ውሃ እንደሚያመጣ፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ማን ዝም ብሎ አጠገባችን እንደሚቀመጥ። «ማልቀስ ያቃታት ሽንኩርት ትክተፍ» ትል ነበር፤ በኀዘናችን መካከል አሳቀችን። ያ ለቅሶ ካለፈ በኋላ ነው በእድሩ ሕግ ላይ አንድ አንቀጽ የጨመርኩት። አባል የሆነ ሁሉ ለቅሶ ቤት በየቀኑ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ለቅሶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ስሙ ይሰረዛል። በስብሰባው ያጉረመረሙ ነበሩ። ከሴቶቹ ወገን አዴ ጡሜ ተነሥታ «ይጻፍ። ሬሳ አጠገብ ያልተቀመጠ ጎረቤት፣ ጎረቤት አይደለም» አለች። በእሷ ንግግር ጸደቀ።

ዕድሜዋ ሃምሳን ሲሻገር ነገሯ መለወጥ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ዘግይታ ትመጣለች፤ ገብታ መሀል የምትቀመጠው ሴት የድንኳኑ አፍ ላይ፣ ከሁሉም ወደ ውጭ ትቀመጣለች። ብዙም ሳትቆይ ትነሣለች። ትመለሳለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ሻይም ውሃም ሲቀርብላት «ጾም ነኝ» ትላለች፣ ረመዳን ካለፈ ወራት ቆጥሮ እንኳ። ስስ ጉርድ የምትለብሰው ሴት በዚያ ሙቀት ጥቁር ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ ትመጣለች። ይህን ሁሉ አየሁ። ሰውን የሚያይና የሚታዘብ ሁሉ የሚያስተውል እንዳይመስላችሁ። እኔ ያየሁት ገንዘብ ያገኘች ባልቴት ከሕዝቡ ጋር መቀመጥ ሲከብዳት ነው።

አንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ አላስችል አለኝና ወንዶቹ በተቀመጡበት ድምፄን ከፍ አድርጌ «አዴ ጡሜ፣ ይህ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?» አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷም ፈጣን ናትና «መናኸሪያስ ነው፤ ረዳቱ ይኸው በር ላይ ቆሞ ይጮህ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እግሯን እየሰበሰበች በፍጥነት ሄደች፤ አልተመለሰችም። የዚያ ቤት ሽንት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ወደዚያ ለመድረስ ወንዶቹ በተደረደሩበት አግዳሚ ፊት ለፊት ማለፍ ግድ ነው። ይህንን ዛሬ ነው የማስበው።

ከዚያ በኋላ ቀረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ለቅሶ።

ስብሰባችን በወሩ መጨረሻ እሑድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ነው። ስሟን ጠርቼ አስቆምኳት።

«ሦስት ለቅሶ ቀርተሻል። ምክንያት አለሽ?»

«አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«ለወንድ የሚነገር አይደለም።»

ከኋላ አንዱ «ባል ልታገባ ይሆናላ» አለ፤ ጥቂቶች ተንከተከቱ። እኔ አልሳቅሁም። ቁምነገረኛ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። «እድር ወንድና ሴት አያውቅም፤ የሚያውቀው አባል ብቻ ነው» አልኳት። ንግግሬ ለራሴም ጣፈጠኝ።

ሻሿን አጠበቀች። «እንግዲያውስ አንቱ ያውቃሉ፣ ጸሐፊው» አለችና ከዛፉ ጥላ ወጥታ ሄደች። ከሴቶቹ መካከል ምክንያቷን የጠረጠሩ እንደነበሩ ኋላ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ሁሉም መሬት መሬት ያዩ ነበር። መዝገቡን ጭኔ ላይ አስደግፌ መስመሩን አሰመርኩ።

በእኛ አገር እድር የሌለው ሰው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አይመታውም። ብቻ ሰው ሲታመምበት የሚጠራው፣ ሲሞት የሚለፈፍለት የለም። አዴ ጡሜ ሱቋን መክፈቷን ቀጠለች። የአላህንም ጋት አላቋረጠችም። የአጥሩ ላይ ሰላምታ ግን ቀረ።

ሦስት ዓመት አልፎ ሚስቴ ዘነበች ቀን በቀን ወደ እሷ ግቢ እንደምትሻገር ደረስኩበት። የጸሐፊው ሚስት እድር ከሰረዛት ሴት ቤት ስትመላለስ ሰው ምን ይላል ብዬ ተቆጣኋት። ዘነበች ልብስ እያጠበች ነበር። ባገባኋት ሠላሳ ምናምን ዓመት ቃል መልሳብኝ የማታውቅ ሴት፣ የያዘችውን ቀሚስ ጨምቃ ጨምቃ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያባረርካት በእኔ በሽታ ነው» አለች።

አልገባኝም። እዚያው በርጩማ ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። የወር አበባዋ ካቆመ ወዲህ ስታስል፣ ስትስቅ፣ ጀሪካን ስታነሣ ሽንቷ ያመልጣታል። ሲመጣም ጊዜ አይሰጣትም፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሳትደርስ ይቀድማታል። በየጊዜው ደግሞ ሲወርድ እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ደብቃዋለች፤ አልጋ ለይታ መተኛት የጀመረችው «ወገቤን አሞኝ ነው» ብላ ነበር፤ እኔም አምኜ ወገብ የሚታሽበት ቅባት ገዝቼላት ነበር።

አዴ ጡሜን የያዛትም ይኸው ነው፤ የሷ ግን ቀድሞ ጀመረ፣ ነውሩም ከበደ። በእኛ ከተማ ሽንት አቃጠለኝ ያለ ሰው የበሽታው ስም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጨብጥ ይሉታል። ባል ያላት ሴት በባሏ ታሳብባለች። ባልቴት በማን ታሳብብ? መጀመሪያ በታመመች ጊዜ ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ሄዳ ነበር፤ ሻጩ ሰው በቆመበት «ከማን ጋር ነበርሽ?» አላት። ባሏን ከቀበረች በኋላ የወንድ ፊት ያላየች ሴት ናት። መድኃኒቱን ሳትገዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ከጎረቤት የተረፈ እንክብል እየለመነች ሁለት ቀን ትውጣለች፣ ሲሻላት ትተዋለች፣ ደግሞ ይነሣባታል። አሮጊቶች የመከሯትን ጭስ ሞቀች፤ ባሰባት። መጨረሻ ላይ የራሷን መድኃኒት አገኘች፣ ውሃ መጠጣት ተወች። ካልጠጣሁ አልሸናም፣ ካልሸናሁ አልዋረድም ብላ። የዱብሉቅ ጉድጓድ ያሳደጋት ሴት በነጌሌ ሐሩር ቀኑን በአንድ ብርጭቆ ታሳልፍ ነበር።

ሶላቷም ጭንቅ ሆነባት። ለስግደት ታጥባ ውዱእ አድርጋ ሳትጨርስ ይፈርስባታል፤ ስለዚህ ከሴቶች ጋር መስገድ አቆመች። የመስጊዱን ሸህ ብትጠይቃቸው ለሕመምተኛ መልስ ነበራቸው፤ ለእሳቸው እንዴት ትናገር? እሳቸውም ወንድ ናቸው።

በመጨረሻ ትኩሳትና የጎን ውጋት ሲጥላት አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሐኪሟ በሩን ዘግታ አዳመጠቻት፤ ማንን አገኘሽ አላለቻትም። ሴት ስታርጥ በሰውነቷ ውስጥ ያለው ሆርሞን የሚሉት ቅመም ይቀንሳል፣ የሽንት መውጫውና የፊኛው አካባቢ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ጀርም በቀላሉ ይገባል፣ ሽንት የሚይዘውም ጡንቻ ይላላል፣ በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ ነውር የለበትም አለቻት። ውሃ መተውሽ ጎዳሽ፤ ሽንት ሲወፍርና ሲቆይ ጀርሙ ይራባል። እንክብሉንም እያቋረጥሽ በሽታውን አለማመድሽው ስትልም አስረዳቻት። አዴ ጡሜ ከዚያ እንደወጣች ቤቷ አልገባችም። ቀጥታ ወደ አጥራችን መጥታ ዘነበችን ጠራቻት። ዘነበች ስታስል እግሯን እንዴት እንደምታጣምር አይታ፣ ሚስጥሯን ቀድማ ደርሳበት ኖሯል። «የእኔ ኩላሊቴ ድረስ ገብቷል። ያንቺ ገና ነው፣ ተነሺ» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ሚስቴ ዳነች። ሽንቷ ተመረመረ፤ የታዘዘላትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጠች፤ ለድርቀቱ የሚቀባ ተሰጣት፤ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ እየጨበጠች እየለቀቀች እንድታሠራ ተማረች፤ ውሃ በአግባቡ ትጠጣለች፣ ሽንቷን አትይዝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜ ነው፣ ወገብ ነው ስል በሁለት ወር ከአልጋ እስከ ገበያ የተለወጠች ሴት አየሁ። ያሳከመቻት እኔ የሰረዝኳት ሴት ናት።

አባቶች፣ እናንተን ነው የምለው። ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማይመልስላችሁ ከሆነ ትክክል ስለሆናችሁ አይደለም።

ዘነበች ይህን በነገረችኝ ማግስት ወደ አዴ ጡሜ ሄድኩ። ከስታ ነበር። አጠገቧ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ተቀምጧል፤ «ይኸው፣ አሁን በትእዛዝ እጠጣለሁ» አለችኝ። አጥፍቻለሁ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በእጇ መለሰችኝ።

«ይቅር ብያለሁ። እኛ ጉድጓድ ላይ የተጣላ ውሃ አይጠጣም እንላለን፤ ቂም አልይዝም። ግን አባ አስቴር፣ ጥፋቴን በሰው ፊት በአፍህ ተናግረሃል። ምክንያቱንም በሰው ፊት በአፍህ ተናገር። ኮርታ ነበር እያሉ እንዳይቀብሩኝ።»

«በስምሽ ልናገረው?»

«በስሜ። እንደ እኔ የምትደበቅ ሌላ ካለች ሰምታ ትሂድ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ እናገራለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋት። ጠላትነት ቢኖራት ገንዘብ ትጠይቀኝ፣ ካሳ ትጠይቀኝ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ወረቀት ላይ ጽፌው ሄድኩ። ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ ሴቶቹን አየሁ፣ ከመካከላቸው የልጄን አማት አየሁ፤ ወረቀቱን አጥፌ ስለ ተሰበሩት አግዳሚዎች ጥገና ተናገርኩና ተቀመጥኩ። ያንኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ስመለስ አዴ ጡሜ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር።

«ናጋ ነው? ተነገረ?»

«በሚቀጥለው።»

በሁለተኛውም አልተነገረም። በሦስተኛው «በሕመም ምክንያት ነው የቀረችው» ብቻ ልል ተዘጋጀሁ። ይህ ግን ሽሽት እንደሆነ ገባኝ፤ እሷ የለመነችኝ ነገሩ በስሙ እንዲጠራ ነበርና። ስለዚህ ያንኑም ሳልል ዋልኩ። የሰው ሚስት ለምን ባሏን እንደሰደበች፣ የማን ልጅ ለምን እንደሰረቀ በአደባባይ ስዘረዝር የኖርኩ ሰው «ሽንት» የምትል ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። ነውር መስሎኝ ነበር። ነውሩ የእሷ ሳይሆን የአፌ መሆኑን እያወቅሁ ነው ደግሞ።

በሦስተኛው ስብሰባ ቀን አጥሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። ተነገረ ወይ አላለችኝም። «ናጋ» ብላ ገባች።

ትኩሳቱ የመጣባት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። ጀርሙ ከኩላሊቷ ወደ ደሟ ገብቷል አሉ ሐኪሞቹ።

ወንዶች ሬሳውን ይዘው ሲሄዱ ተከተልኩ። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ አግዳሚም አልወጣም። ዘነበችና ስድስት ሰባት ሴቶች ግቢዋ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር። ከአሬሮ የመጣችው ልጇ፣ እናቷ ሰፈሩን ምን አድርጋ እንደሆነ ሚስቴን ጠይቃታለች። መንገድ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው «ኩራቷ ነው ብቻዋን ያስቀበራት» አለ። ሌላው «ምስኪን» አለ። ዞሬ «አይደለም» ለማለት የሚያስፈልገኝ ሁለት እርምጃ ነበር። አልዞርኩም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው።

በወሩ መጨረሻ እሑድ ተናገርኩት። የንግግር ወረቀት አልያዝኩም። አዴ ጡሜ ለቅሶ የቀረችው ኮርታ እንዳልሆነ፣ ካረጠች በኋላ ሽንቷ ያመልጣትና ያቃጥላት እንደነበረ፣ እኔ ሕዝብ ፊት አቁሜ እንዳዋረድኳት፣ ይቅርታ ስጠይቃት ይህን እንድናገር ለምናኝ ሦስት ስብሰባ ዝም እንዳልኩ፣ የገዛ ሚስቴ በዚሁ ሕመም ተይዛ በእሷ ምክንያት እንደዳነች፣ ሕክምናም እንዳለው ሁሉንም አልኩ። ወንዶቹ መሬት ጫሩ። የሳቀ የለም። ቀጥዬ ከእንግዲህ ሴት አባል ምክንያቷን ለአንዲት ሴት ብትናገር ይበቃል የሚል አንቀጽ አቀረብኩ፤ ማንም ሳይከራከር ጸደቀ።

ሰው ሊበተን ሲል ገበያ ዳቦ የምትሸጥ ቆንጂት የምትባል ሴት ከኋላ ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለች።

«እኔም አለብኝ። ከያዘኝ አምስት ዓመቴ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጡሜ በሕይወት እያለች አንተ ይህን ብትናገረው ኖሮ፣ አጠገቧ ሄጄ እቀመጥ ነበር።»

እጄ ላይ የነበረው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ስሟን ጻፍኩና ንግግሯን እንዳለችው ጻፍኩት።